ሁለት ብሎን

ቶሌራ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ችሎት ፊት ሲቆም በኮቱ ኪስ ሁለት ብሎን ይዞ ነበር። ሚስቱ ጉዴ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ጠቅልላ፣ እንዳይጠፉበት በክር አስራ ሰጥታዋለች። ዳኛዋ ማስረጃ ሲጠይቁት ጥቅሉን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ሊያኖርላቸው አስቧል። የሚናገረውንም ቤቱ ሆኖ፣ መንገድ ላይም እየደጋገመ አጥንቶታል። "ሥራ ጥዬ አልሄድኩም፤ እነዚህ እጄ ላይ የቀሩት ሥራ ላይ ሳለሁ ነው።" ከዚህ ሌላ ብዙ የሚለው አልነበረውም። የሚፈልገውም አንድ ነገር ነው፤ ወደ ማሽኑ መመለስ።

ማሽኑ ማለት እጃጂ ከተማ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ያለው የኦቦ አመዩ የኑግ ዘይት መጭመቂያ ነው። ቶሌራ አሥራ ስድስት ዓመት አንቀሳቅሶታል። በጆሮው ነበር የሚያውቀው። ሞተሩን ከመጭመቂያው ጋር የሚያያይዘው ቺንጋ ሲላላ፣ ኩሽኔታው ቅባት ሲጠማው፣ ኑጉ እርጥበት ኖሮት ሲያስጨንቀው፣ ደጅ ቆሞ እያወራ ሳለ ወሬውን ከመሐል ቆርጦ ይገባል። ገበሬዎቹ "ይሄ ሰውዬ ከሚስቱም ጋር እንዲህ ይሰማማ ይሆን?" እያሉ ይቀልዱበታል። ጉዴ ቀልዱ ሲደርሳት "እኔ ስጮህ መች ይሰማል! ቅባት ስላልጠየቅሁት ነው እንጂ" ትላለች። ልብሱ፣ ፀጉሩ፣ የሚተኛበት ትራስ ሳይቀር ፋጉሎ ፋጉሎ ይሸታል። ኑግ ዘይቱን ሰጥቶ ሲያበቃ የሚቀረው፣ ከብት የሚበላው ያ ጥቁር ነገር፣ አንዴ ሰው ላይ ካደረ በሳሙና አይለቅም።

ሲቀጠር ደብዳቤ የሚባል ነገር አልነበረም። ኦቦ አመዩ ገበያ መሐል አግኝቶት "ማሽን ታውቃለህ አሉኝ። ማክሰኞ ና" አለው። ማክሰኞ ሄደ። በቃ። በዓመቱ የመጀመሪያ ልጁ ቶኩማ ሲወለድ የክርስትና አባት የሆነው ኦቦ አመዩ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ የሚጠራሩት "አበልጄ" እየተባባሉ ነው። ጉዴ በምጥ ተይዛ ያስጨነቀች ጊዜ በገዛ መኪናው አምቦ ሐኪም ዘንድ ያደረሳት እሱ ነው፤ ቶሌራ ይህን አይክድም፣ በኋላም አልካደም። የበደለን ሰው በሁሉ ነገር ክፉ ቢሆንልን ኖሮ ነገሩ ሁሉ ምንኛ በቀለለን ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በ2014 ጥር ላይ ነው። ኑግ ተወቅቶ የሚገባበት፣ ሰው ሁሉ ሁዳዴ ሳይገባ የጾም ዘይቱን ለመያዝ የሚሻማበት ወር ነው። የመጭመቂያው ቺንጋ አርጅቶ ነበር፤ በቀን ሦስት አራቴ ይንሸራተታል። ቺንጋውን የሚሸፍነው የላሜራ ከለላ ደግሞ በአራት ብሎን ይታሰራል። ቺንጋው በተንሸራተተ ቁጥር አራቱን ፈትቶ፣ አጥብቆ፣ መልሶ ማሰር ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ደጅ ላይ ኑግ የጫኑ አህዮችና ጋሪዎች እስከ አስፋልቱ ተሰልፈዋል።

"ተወው፣ ከለላው ይውጣ" አለ ኦቦ አመዩ።

"አበልጄ፣ ይሄ ነገር ሰው ይበላል።"

"ሁዳዴ እስኪገባ ነው። ከዚያ በኋላ ብትፈልግ ትራስ አድርገህ ተኛበት።"

ቶሌራ ሳቀ። "እሺ" አለና አወጣው። ይህችን "እሺ" በኋላ ብዙ አስቧታል። ማንም በዚህች ቃል የከሰሰው የለም፤ ራሱን የከሰሰው እሱ ብቻ ነው።

ጥር 13 ቀን፣ ዓርብ ጠዋት፣ ኑግ የምታበጥረው መቲ ወንፊቷን ይዛ በቺንጋው አጠገብ ስታልፍ ሻርፗን ያዘባት። ልታስለቅቅ እጇን ሰደደች። ቶሌራ ከጩኸቷ በፊት የሞተሩ ድምፅ ሲለወጥ ሰምቶ ነበርና ዘሎ አጠፋው። ዘሎ ቢያጠፋውም የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ከመገጣጠሚያቸው በላይ የሉም። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ደሟ አንዱ ገበሬ ያመጣው የኑግ ጆንያ ላይ ፈሶ ነበርና ሰውየው ጆንያውን ገለል አደረገው።

ኦቦ አመዩ ከጤና ጣቢያው ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ሰልፉን አየ። "አስነሳው" አለ።

ቶሌራ አላስነሳውም። ጓሮ ሄዶ ከፋጉሎ ከረጢቶች ሥር ከለላውን አወጣ፣ ቦታው ላይ ደገፈው፣ ማሰር ጀመረ። ሁለቱን ብሎን አስገብቶ አጠበቀ። የቀሩት ሁለቱ በግራ መዳፉ ውስጥ ነበሩ።

"ምን እያደረግክ ነው?"

"ሩብ ሰዓት ነው ኦቦ አመዩ።" አበልጄ አላለውም፤ ሁለቱም ልብ ብለውታል።

ከሰልፉ አንዱ "ኧረ ከኢንጂነሩ ጋር አትከራከሩ፣ ነገ እንመጣለን" ብሎ አሽሟጠጠ። ሌላው ሳቀ። የሰው ሳቅ ለኦቦ አመዩ ከሁሉ ነገር የከፋ ነው።

"አስነሳ ስልህ አስነሳ! አለዚያ ውጣልኝ።"

"ይሄ ሳይገጠም እጄ ማስነሻውን አይነካም።"

"እንግዲያው በቃህ! ነገ እንዳላይህ።"

ቶሌራ የቅባት ጨርቁን ሞተሩ ላይ አንጠልጥሎ ወጣ። አስፋልቱ ጋ ሳይደርስ ማሽኑ ከኋላው ሲነሳ ሰማ። ቤቱ ሲገባ ጉዴ የእጅ ውኃ አቀረበችለትና "እጅህ ምን ጨብጧል?" አለችው። ሲዘረጋው ሁለቱ ብሎኖች ነበሩ። በሁለት ቃል የተቀጠረ ሰው በሁለት ቃል ተባረረ፤ በእጁ የቀረው ይህ ነው።

ነገሩ ለሽማግሌ የደረሰው በጉዴ ወንድም በገቢሳ በኩል ነው። አበልጆች ችሎት ሊካሰሱ እንደማይገባ ቶሌራም ገቢሳም አልተከራከሩበትም። እንዲህ ያለው ነገር የሚታየው ጃርሰ ቢያ፣ የአገር ሽማግሌዎች ፊት ነው። ኦቦ አመዩም ሲጠየቅ ሳያንገራግር እሺ አለ። ጥር 22፣ እሑድ፣ ቅዳሴ ሲወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ሜዳ አምስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የእነሱ አፍ የነበሩት ኦቦ ዓብዲሳ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት ነው፤ በዚያ አካባቢ የደም ነገር ሳይቀር እሳቸው ፊት ቀርቦ በርዷል።

"መጀመሪያ ዋስ ጥሩ" አሉ። "ነገሩ እኛ እጅ እስካለ ድረስ ሁለታችሁም ሌላ ደጅ አታንኳኩም።"

ቶሌራ ገቢሳን ጠራ። ኦቦ አመዩ ጎረቤቱን ጠራ። ከዚያ ሁለቱም ተናገሩ። ቶሌራ አጭር ተናገረ። ኦቦ አመዩ ተነሥቶ ቆቡን አወለቀ።

"አባቶቼ፣ ተናድጄ ነው። ሰው ተናዶ ምን የማይለው አለ? ይመለሳል። እኔና እሱ ምን አለን? ልጁ ልጄ ነው።"

"ይመለሳል ብሏል" አሉ ኦቦ ዓብዲሳ ወደ ሌሎቹ ዞረው። "ሰምታችኋል?"

"ሰምተናል" አሉ አራቱም።

ማንም አልጻፈውም። ሊጻፍ እንደሚችል ያሰበም የለም። ሽማግሌ ፊት የተነገረን ቃል ወረቀት ላይ ማስፈር ሽማግሌውን "አላምንህም" እንደማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ በዚያ ቤት ደም ፈሷልና ዕርቁ ያለ በግ አይታሰርም። ቶሌራ ወደ ሥራው የሚገባው፣ መቲም የምትካሰው፣ በጉ ታርዶ አብረው ከቀመሱ በኋላ ነው። ለየካቲት 6 ተቀጠረ።

በዚያው ሳምንት ቶሌራ ወረዳው ውስጥ የሠራተኛን ጉዳይ የምታየው ሠራተኛ ዘንድ ተጠራ። ሃዋኒ ትባላለች። የጠራችው ለመቲ አደጋ ምስክርነት ነው። ያየውን ሁሉ ነገራት፤ እሷም ጻፈች። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ቀና አለች።

"እርስዎስ ኦቦ ቶሌራ? ተባርረዋል አሉ።"

"ሽማግሌ ይዞታል።"

"ይያዘው፣ ደግ ነው። ግን ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ሕጉ ላይ ያለው ዕድሜ ሦስት ወር ነው። ከዚያ ይርጋ ይሆናል፣ ይዘጋል። እስከ ሚያዝያ 13 ማለት ነው።"

"ሽማግሌ እየተቀመጠበት?"

"ሕጉ ሽማግሌ አይቆጥርም።" ወረቀት ሳበች። "ሁለት መስመር ናት። እኔ እጽፋለሁ፣ እርስዎ ይፈርሙ። ለዚህ ቢሮ በጽሑፍ ካመለከቱ ቀኑ መቁጠሩን ያቆማል። ዕርቁን አያፈርስም፣ ማሎ፣ እባክዎ!"

"ከፈረምኩ ሌላ ደጅ አንኳኳሁ ማለት ነው። ዋሴ የሚስቴ ወንድም ነው።"

"ማንም አይሰማም። እዚህ መሳቢያዬ ውስጥ ነው የሚቀመጠው።"

ቶሌራ ሳቀ። "እጃጂ ውስጥ?"

እሷም ሳቀች፣ ግን ጻፈችው። ስሙን፣ የተባረረበትን ቀን፣ "ወደ ሥራዬ እንድመለስ" የሚለውን። ለፊርማው ቦታ ትታ፣ "ሐሳብዎን ከለወጡ በማንኛውም ቀን ይምጡ" አለችና መሳቢያው ውስጥ ከተተችው።

ቶሌራ መንገዱን ሁሉ ነገሩን ሲያላምጠው ሄደ። መንግሥት ቀን መቁጠሩ ገብቶታል፤ ነገር ሰው ረስቶት ተኝቶ ሲቀር ሕጉ ቢዘጋው አይፈርድበትም። ይህ ግን የት ተኛ? አምስት ጨዋ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይዞታል። ባለቤቱ በአፉ "ይመለሳል" ብሏል። በሰው እጅ ያለ ሕያው ነገር እንዴት እንደ ሞተ ይቆጠራል? እንዲህ ሲያስብ የልቡ እውነት ነበር። ስሕተቱም ያው የልቡ እውነት ነው።

"ፈረምክ?" አለች ጉዴ።

"አልፈረምኩም።"

"ገቢሳ ወንድሜ ነው። እኔ እለምነዋለሁ፤ ዋስትናውን ያንሳልህ።"

"ዋስ ይነሳል እንዴ ጉዴ? የተቀመጡት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ልጆች እየተጫወቱ መሰለሽ?"

ጉዴ ግድግዳው ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ ሚያዝያ 13ን ፈልጋ በከሰል ምልክት አደረገችባት።

የካቲት 6 ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ኦቦ አመዩ ባኮ በቆሎ ሊያስጭን ሄዶ መንገድ ተዘግቶበታል ተባለ። በዚያ ዓመት መንገድ የሚዘጋው በእውነትም ነበርና ማንም አልጠረጠረም። የካቲት 13 የእኅቱ ባል ሞቶ ለቅሶ ተቀምጧል። ይህም እውነት ነው፤ ቶሌራ ራሱ ቀብሩ ላይ አፈር መልሷል። የካቲት 20 ቅበላ ነው፣ ሰው ሁሉ በየቤቱ ነው። በማግሥቱ ሁዳዴ ገባ።

"እንግዲህ በጾም ደም አናፈስም" አሉ ኦቦ ዓብዲሳ። "በጉ ለፋሲካ ይሁን። ለፋሲካ ማግሥት።"

ኦቦ አመዩ "እንደ ወደዳችሁ አባቶቼ" አለ። "እንዲያውም በጉን እኔ አመጣለሁ።"

ሃምሳ አምስት ቀን ረጅም ነው። ቶሌራ በጾሙ እንጨት ፈለጠ፣ የሰው አጥር ጠገነ። በመጭመቂያው በኩል ላለማለፍ በገበያው ዞሮ ይሄዳል፤ ድምፁ ግን ገበያውም ድረስ ይከተለዋል። አዲስ የተቀጠረው ልጅ ሞተሩን ሳያሞቀው ነው የሚጭንበት። አንድ ቀን የኩሽኔታውን ሲርታ ሰምቶ እንጨት የሚፈልጥበት መጥረቢያ እጁ ላይ ቆመ። የቤቱ ባለቤት "ምነው ደከመህ?" አለችው። "ቅባት ጠምቶታል" አላት። ምን እንደሚል አልገባትም።

ጉዴ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያነሣችበት። ሚያዝያ መግቢያ ላይ "ያቺ ልጅ መሳቢያዋ አልተቆለፈም" አለች። ቀኑ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ደግሞ "እኔ ልሂድና ልፈርምልህ?" አለች። ቶሌራ ተቆጣ። በትዳራቸው በሃያ ዓመት ውስጥ እንዲያ ተቆጥቷት አያውቅም። የሰው ቁጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የምንፈራውን ነገር ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ሲናገርብን ነው።

በዚያ ዓመት ሚያዝያ 13 የዋለችው ጸሎተ ሐሙስ ላይ ነበር። ቢሮዎች እስከ ቀትር ክፍት ናቸው። ቶሌራ ቤተ ክርስቲያን ዋለ። ካህኑ የምእመናኑን እግር ሲያጥቡ፣ ተራ ይዘው ከተቀመጡት መካከል ኦቦ አመዩ ከእሱ ሦስት ሰው አልፎ ነበር። ሲወጡ በር ላይ ተገናኙ። ሰሙነ ሕማማት ነውና እጅ አልተጨባበጡም፣ አልተሳሳሙም፤ ሥርዓቱ ነው። ኦቦ አመዩ ጎንበስ አለለት።

"ፋሲካ ያድርሰን አበልጄ።"

"ያድርሰን" አለ ቶሌራ። ልቡ ሞቅ አለው። ከዓርብ ጥር 13 ወዲህ "አበልጄ" ሲለው የመጀመሪያው ነው። ለጉዴ ሊነግራት እየቸኮለ ሄደ። ስትሰማ ግድግዳው ላይ ያለችውን የከሰል ምልክት አየች።

የፋሲካ ማግሥት ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ገቢሳ ነጭ ለብሶ መጥቷል። መቲም እጇን በነጠላዋ ሸፍና ራቅ ብላ ቆማለች። ኦቦ አመዩ አልመጣም፣ በጉም አልመጣም። ፀሐይዋ ወደ ላይ ወጣች። ኦቦ ዓብዲሳ ልጃቸው በሰጣቸው ስልክ አስደወሉና፣ ጆሯቸው ስለሚደክም ድምፁ ከፍ ተደረገ። የኦቦ አመዩን መልስ አምስቱም ሽማግሌዎች ሰሙት።

"አባቶቼ፣ እንኳን አደረሳችሁ። ቦታው ሰው ይዞታል። እኔ ጠበቃ ጠይቄያለሁ፣ ቀኑ አልፏል ብሎኛል። ቅር ካለው ሕግ አለ፣ እዚያ ይጠይቀኝ። እኔ አልከለከልኩትም።"

"አንተ ልጅ" አሉ ኦቦ ዓብዲሳ፣ "ይመለሳል ብለህ የለም ወይ?"

"ብያለሁ። ያኔ ቀኑ አላለፈም ነበር።"

ስልኩ ተዘጋ። ከአምስቱ አንዱ "ዋሱን ጥሩት" አለ፤ ግን ዋሱ በምን ይጠየቃል? ኦቦ አመዩ ሌላ ደጅ አላንኳኳም። አንድም ቀን ፍርድ ቤት አልሄደም። ቁጭ ብሎ ነው የጠበቀው። የአገሩን ሥርዓት አልጣሰም፤ የመንግሥቱንም ሕግ አልጣሰም። በሁለቱ መካከል አንድ ሰው የምታሳልፍ ክፍተት ነበረች፣ በእሷ አለፈ። እነዚህ ሁለት ሕጎች ባንድ አገር እየኖሩ፣ ባንድ ሰው ላይ እየፈረዱ፣ አንዱ ሌላውን አይቶት አያውቅም። ሁለቱንም አክብሮ የሚኖረው ሰው ነው ከመካከላቸው የሚወድቀው።

ኦቦ ዓብዲሳ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ። "ገቢሳ፣ ዋስትናህ ወርዷል" አሉ። "ቶሌራ፣ ሂድ። ወደ ፈለግክበት ሂድ።" ድምፃቸው የሰባ ስምንት ዓመት ሰው ድምፅ መምሰል የጀመረው ያን ዕለት ነው ይላሉ የነበሩት።

ችሎቱ የሰኔ ዝናብ በጀመረ ሰሞን ነበር። ከአምቦ የመጣው የኦቦ አመዩ ጠበቃ ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ማንንም አልሰደበም። ከፍሬ ነገሩ በፊት አንድ መቃወሚያ አለኝ አለ፤ አመልካች ሥራው የተቋረጠው ጥር 13 ነው፣ ክሱን ያቀረበው ሚያዝያ 26 ነው፣ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄው በይርጋ ታግዷል። ተቀመጠ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም።

ዳኛዋ ወደ ቶሌራ ዞሩ። "ቀኑን ያመንክ እንደሆነ፣ ለምን ዘገየህ?"

"አልዘገየሁም ክብርት ዳኛ። ሽማግሌ ፊት ነበርኩ።"

ኦቦ ዓብዲሳ ሊመሰክሩ መጥተዋል። ተፈቀደላቸው። ከጥር 22 ጀምሮ ነገሩ እሳቸው እጅ እንደነበር፣ ባለቤቱ በአምስት ሰው ፊት "ይመለሳል" እንዳለ ተናገሩ። ዳኛዋ እስኪጨርሱ አላቋረጧቸውም።

"አባባ፣ ቃልዎን አልጠራጠርም" አሉ። "ሕጉ ግን ቀኑን የሚያቋርጠው ምን እንደሆነ ቆጥሮ አስቀምጧል። ክርክሩን ለሚወስን አካል መክሰስ፣ ሕጉን ለሚያስፈጽመው ቢሮ ማመልከት፣ ወይም አሠሪው የሠራተኛውን መብት በጽሑፍ ሲያምን። በጽሑፍ የሰጠው ነገር አለ? አንድ መስመርም ብትሆን?"

"ሽማግሌ ይጽፋል እንዴ ልጄ?"

ችሎቱ ውስጥ ማንም አልሳቀም።

"ለቢሮውስ አመልክተሃል?" አሉት ቶሌራን።

ቶሌራ ያቺ መሳቢያ ታየችው። ሃዋኒ የጻፈችው ስሙ፣ ከሥሩ ባዶ የተተወችው ቦታ። "አላመለከትኩም" አለ።

ዳኛዋ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄው መዘጋቱን፣ ሌሎቹ የክፍያ ጥያቄዎች ግን ጊዜያቸው እንዳላለፈና እንደሚታዩለት ነገሩት። ከዚያም ቀስ ብለው፣ "ገብቶሃል?" አሉት። "ገብቶኛል" አለ። ስለ ከለላው፣ ስለ መቲ እጅ፣ ስለዚያ ሩብ ሰዓት የጠየቀው ሰው አልነበረም። እዚያ ድረስ አልተደረሰም። ጥቅሉ ኪሱ ውስጥ እንደ ታሰረ ተመለሰ።

ሲወጣ ኦቦ አመዩ ደጅ ላይ ቆሞ ነበር። "ሕጉ ነው ያለው" አለ፣ ወደ መሬት እያየ። "እኔ ምን ላድርግ?" ቶሌራ አለፈው።

በክረምቱ ማብቂያ ቶሌራ ባኮ ሄዶ በቆሎ ጫኝ ሆነ። አምሳ አንድ ዓመቱ ነው። ባኮ ይሞቃል፤ የኩንታል ጫና ደግሞ ጆሮ አይጠይቅም፣ ወገብ ነው የሚጠይቀው። አብረውት የሚሸከሙት ወጣቶች "አባባ፣ እርስዎ ይቁጠሩልን፣ እኛ እንሸከም" ይሉታል። ሊያከብሩት ነው፤ እሱ ግን ያመዋል። በየሁለት እሑዱ እጃጂ ይመጣል። ኦቦ ዓብዲሳ ለሽምግልና መቀመጥ ትተዋል። ሲያገኛቸው ያነጋግሩታል፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብት። ስለዚያ ነገር አያወሩም።

በአንዱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ መቲ መንገድ ላይ ጠበቀችው። ወደ መጭመቂያው ተመልሳለች፤ ሌላ የምትሄድበት የላትም። ኑጉን አሁን በግራ እጇ ነው የምታበጥረው።

"አካም ጂርቱ ኦቦ ቶሌራ። ያወለቁትን ከለላ መልሰው ገጠሙት እኮ።"

"ማን?"

"ያቺ የቢሮዋ ሴት መጥታ በወረቀት አዘዘቻቸው። ቀይ ቀለም ቀብተውታል፣ ከሩቅ ይታያል። ልነግርህ ብዬ ነው።"

ቶሌራ ቆመ።

"በስንት ብሎን አሰሩት?"

"አላየሁም... ሁለት መሰለኝ። ከላይ በሁለት። ከታች ባዶ ነው።"

"አራት ነው እኮ። በሁለት ከታሰረ ይንቀጠቀጣል። ዛሬ ሳይሆን ነገ ይላላና ቺንጋው ላይ ይወድቃል። ያኔ ባዶ ከነበረው ይብሳል። አዲሱ ልጅ አልነገራቸውም?"

"ብሎኑ ጠፍቷል አሉ።"

ቶሌራ እጁን ኪሱ ከተተ። ከሰኔ ወዲህ ኮቱን በለበሰ ቁጥር እዚያው ናቸው። ጉዴ ያሰረችውን ክር በጥርሱ በጠሰ፣ ጨርቁን ፈታ፣ ሁለቱን ብሎኖች አወጣ። ትንሽ ዝገዋል፤ ጥርሳቸውን በአውራ ጣቱ ጠረግ ጠረግ አደረገ። መቲ ሳታስብ ቀኝ እጇን ዘረጋች፣ በዚያች ሁለት ጣት በጎደላት መዳፍ ላይ አኖረላት።

"አሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ ነው የሚይዛቸው። ለልጁ ንገሪው፣ ቅባት ነክቶ ያስገባቸው። አጥፍቶ፣ ቺንጋው ቀጥ ሲል ብቻ።"

"ማን ሰጠሽ ቢሉኝስ?"

ቶሌራ ወደ መጭመቂያው በኩል አየ። እሑድ ነው፣ ማሽኑ ዝም ብሏል።

"ወድቆ አገኘሁት በያቸው።"